«ጎራዴ ምን ያደርግልዎታል?» ላላችሁኝ



ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ የተጋደመ የጃፓን ጎራዴ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኢንቦክሴ ሞልቷል። የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ በሰላም ነው? ከማን ጋር ሊዋጉ ነው?» ብላችኋል። አብሮ አደጎቼ ደግሞ «በስተርጅና ጎራዴ ምን ያደርግልሃል?» ብላችሁ ስቃችሁብኛል። አንዲት እህቴ ግን ጠንከር አድርጋ፣ «ይሄ ጎራዴ የስንት ሰው አንገት እንደቆረጠ ያውቃሉ? እንዴት ቤትዎ ያስገቡታል?» ስትል ጽፋልኛለች።

የመጀመሪያዎቹን በሳቅ ማለፍ ይቻላል። የእህቴ ጥያቄ ግን መልስ ይገባዋል። ዛሬ እረፍት ስለሆንኩ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

እዚህ ቨርጂኒያ እንደመጣሁ ለጥቂት ዓመታት የሠራሁት ሆም ኬር ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው፣ አዛውንት አጥቦ፣ መድኃኒት አስታውሶ፣ ሾርባ አሙቆ ይውላል። ቅር አላለኝም፤ በእኛ ሀገር ሽማግሌ መጦር ነውር አይደለም። በ2011 የደረሱኝ ሰው የ88 ዓመት አዛውንት ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊሊፒንስ የዘመቱ ወታደር ናቸው። ጆሯቸው ደክሟል፤ ትዝታቸው ግን እንደ አዲስ ነው። አንድ ቀን አልጋቸው ሥር ያለውን ረጅም የካርቶን ሳጥን እንዳወጣ ጠየቁኝ። ከፈትኩት። ጎራዴ!

ማርከው ያመጡት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የጃፓኑ ጄኔራል ያማሺታ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1945 ባጊዮ ከተማ ላይ እጁን መስጠቱን ከፈረመ በኋላ፣ በየተራራው የነበሩት የጃፓን መኮንኖች እየወረዱ ጎራዴያቸውን ያስረክቡ ጀመር። ጎራዴዎቹ ተከመሩ። የአሜሪካ ወታደሮቹ ደግሞ ዕጣ ጣሉ። «ለእኔ ይሄኛው ደረሰኝ። የሰጠውን ሰው ፊቱን እንኳ አላየሁም» አሉኝ። ከእጀታው ላይ በሲባጎ የታሰረች፣ ሁለት ጣት የምትሰፋ ስስ የእንጨት ቁራጭ ነበረች። በቀለም የተጻፈ የጃፓን ፊደል አለባት። እሳቸው ስድሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን እንደሚል አያውቁም። «ስም ይመስለኛል። ስም ከሆነ ሰውየው የሚመለስለት መስሎት ይሆናል እኮ» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ልክ ዕዳ እንዳለበት ሰው ነበር።

በማግስቱ ዓመት አረፉ። የምሠራበት ድርጅት ከታማሚ ስጦታ መቀበል ስለሚከለክል አንድም ቀን ስለ ስጦታ አላነሳንም። ልጆቻቸው የቤት ዕቃውን በሙሉ ለሽያጭ ሲያወጡ ሄጄ፣ እንደማንኛውም ገዢ ተሰልፌ፣ በ650 ዶላር ገዛሁት። ያኔ ለእኔ ብዙ ገንዘብ ነው። ባለቤቴ ሳጥኑን ስታይ በሩ ላይ ቆመች። «የደም ዕቃ እዚህ ቤት አይገባም!» በብዙ ልመና ገባ። በነጋታው ከሥራ ስመለስ ሳጥኑ ርሷል፤ ጸበል ረጭታበት። «የኔ እመቤት፣ ሳጥኑን የፈለግሽውን ያህል እርጪው፤ ብረቱን ግን ተይልኝ፣ ይዝጋል» አልኳት። እስከ ዛሬ በዚሁ ስምምነት እንኖራለን።

አሁን ስድስት ጎራዴ አሉኝ። ሁሉም የጃፓን ሠራዊትና የባሕር ኃይል ናቸው። ለምን ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው፤ ይነበባሉ። በውስጣቸው ጽሑፍ አለ። ማንበቡን ለመማር አሥር ዓመት ፈጀብኝ፤ ገና አልጨረስኩም።

ትንሽ ላስተምራችሁ፣ ልማዴ ነውና ታገሱኝ።

በ1876 የጃፓን መንግሥት ሳሙራዮች ጎራዴ ታጥቀው አደባባይ እንዳይወጡ ከለከለ። ለወታደርና ለፖሊስ ብቻ ተፈቀደ። ሠራዊቱ ያኔ አውሮፓን እየተከተለ ስለነበር ጎራዴውም የአውሮፓ ሆነ፤ እጀታው ላይ ጣት የሚከልል ጎባጣ ብረት ያለው። በ1930ዎቹ ግን ወታደሩ መንግሥቱን እየጨበጠ፣ ፉከራው እየጋለ ሲሄድ «ወደ አባቶቻችን ጎራዴ እንመለስ» ተባለ። በ1934 ሠራዊቱ የጥንቱን ሳሙራይ የሚመስል አዲስ የመኮንን ጎራዴ ደነገገ። ስሙ «ዓይነት 94» ነው። 94 ከየት መጣ? ጃፓኖች ከመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥታቸው የሚቆጥሩት የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው፤ 1934 በዚያ አቆጣጠር 2594 ነው። የመጨረሻውን ሁለት አኃዝ ወሰዱ። በራሳችን ዘመን ለምንቆጥር ለእኛ ይሄ አይከብደንም። በ1938 ደግሞ ቀለል ያለው «ዓይነት 98» መጣ። የአዛውንቱ ጎራዴ ይሄ ነው።

የበታች ሹሞቹ «ዓይነት 95» ይባላል፤ በ1935 የወጣ። የፋብሪካ ሥራ ነው። እጀታው በአብዛኛው በቅርጽ የፈሰሰ አልሙኒየም ሆኖ፣ የሐር ጥልፍ እንዲመስል ቀለም ተቀብቷል። ብረቱ ላይ ተራ ቁጥር ተመትቷል፤ አፎቱም ላይ ያው ቁጥር። ሁለቱ ቁጥሮች ከገጠሙ ጎራዴውና አፎቱ ከፋብሪካ እስከ ዛሬ ሳይለያዩ ኖረዋል ማለት ነው። ሰማንያ ዓመት ያልተለያዩ ባልና ሚስት በሉት።

የበታች ሹም ጎራዴ የመንግሥት ንብረት ነው። መኮንን ግን ጎራዴውን የሚገዛው ከኪሱ ነው። በዚህ ምክንያት የመኮንኖቹ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ሀብታም ቤተሰብ ያለው የአያት ቅድመ አያቱን የሦስት መቶ ዓመት ብረት አምጥቶ አዲስ የወታደር እጀታና አፎት ያስገጥምለታል። የጄኔራል ያማሺታ ጎራዴ አሁን በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ሙዚየም ይገኛል፤ ብረቱ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው። ድሃው መቶ አለቃ ደግሞ በጅምላ ከተሠራው ይገዛል። ከእጀታው ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፍ ማዕረጉን ይነግርሃል፤ ለጄኔራል ወርቃማ የገባበት፣ ከሻለቃ እስከ ኮሎኔል ቀይ፣ ከምክትል መቶ አለቃ እስከ ሻምበል ሰማያዊ። የእኔው ሰማያዊ ነው።

ትልቁ ጽሑፍ ያለው ግን እጀታው ውስጥ ነው። እጀታውና ብረቱ የተያያዙት በአንዲት የቀርከሃ ችካል ነው። ችካሏን በጥንቃቄ መታ መታ አድርገህ ስታወጣት እጀታው ይወልቃል፤ ተደብቆ የኖረው የብረቱ ጭራ ይገለጣል። ቀጥቃጩ ስሙን የሚቀርጸው እዚያ ላይ ነው። አንዳንዴ የተሠራበትን ዓመትና ወር ይጨምራል። ያ ጭራ ዝጓል። ዝገቱን እንዳትነኩት!

ተማሪዎቼ፣ «ብረት፣ ኦክስጅን፣ ውሃ» ብለን ሰሌዳ ላይ የጻፍነውን አስታወሳችሁ? ቀዩ ዝገት እየፈረፈረ ብረቱን ይበላል። በደረቅና በተዘጋ ቦታ ለብዙ ዘመን ቀስ እያለ የሚመጣው ጥቁር ቡናማ ዝገት ግን እንደ ቆዳ ተጣብቆ ይቀመጣል። አዋቂ ሰው የጭራውን ቀለም አይቶ ብረቱ የሰማንያ ዓመት ይሁን የሦስት መቶ ይገምታል። ቀለሙ ከተቀረጸው ዓመት ጋር ካልተስማማ ፊርማው ሐሰት ነው። ስለዚህ ዝገቱ የልደት ወረቀቱ ነው። አንዱ ደግ ልብ ያለው ሰው ግን «ላጽዳው» ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። በአሥር ደቂቃ የሦስት መቶ ዓመት ወረቀት ቀደደ ማለት ነው። እንዲህ ሆነው የመጡ ብዙ አይቻለሁ። ጎራዴው ያብለጨልጫል፣ ግን ዲዳ ነው።

ከጭራው በላይ ያለው ብረት ደግሞ በዘይት ይጠበቃል። በጣት አይነካም፤ የእጅ ላብ ጨው አለውና አሻራህን ብረቱ ላይ ዝገት አድርጎ ያስቀርልሃል። ጃፓኖች ከጥንት የሚቀቡት ዘይት ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ጎራዴ ቀብቼ ስነሳ ባለቤቴ «ሻይ አፈላህ እንዴ?» ትለኛለች።

የብረቱም ዓይነት ይለያያል። በጥንቱ ዘዴ የሚሠራው ከብረት አሸዋ ነው። አሸዋውና ከሰሉ በሸክላ ምድጃ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ይነዳል። የወጣው ብረት እየታጠፈ ይቀጠቀጣል። መጨረሻ ላይ ጀርባው በወፍራም ሸክላ፣ ስለቱ በስሱ ይለሰንና ግሎ ውሃ ውስጥ ይገባል። ስሱ ቶሎ ይበርዳል፣ ይጠነክራል፤ ወፍራሙ ቀስ ይላል፣ ለዘብ ብሎ ይቀራል። በሁለቱ ድንበር ላይ እንደ ደመና ጠርዝ ያለ ነጭ መስመር ይታያል። ይህን ሳይ ክፍል ውስጥ የቆምኩ ይመስለኛል፤ አንድ ብረት፣ ሁለት የቅዝቃዜ ፍጥነት፣ ሁለት ጠባይ።

ጦርነቱ ግን ለሦስት ቀን ምድጃ ጊዜ አልነበረውም። ለብዙ ሺህ አዲስ መኮንኖች ጎራዴ ያስፈልግ ስለነበር አብዛኛው ከፋብሪካ ብረት ተሠርቶ በዘይት ውስጥ ቀዘቀዘ። እንዲህ ዓይነቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ማኅተም ተመትቶበታል። ከጥንት ጀምሮ የቢላና የጎራዴ ከተማ የሆነችው ሰኪ ከእነዚህ ብዙውን አምርታለች። የአዛውንቱን ጎራዴ ስፈታው ከቀጥቃጩ ስም በላይ አንዲት ትንሽ ማኅተም አገኘሁ። የጦርነት ዘመን ሥራ ነው። የጥንት ሀብት አይደለም። ይህቺ ማኅተም በኋላ ታሪኩን ሁሉ የምትወስን ሆነች፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እህቴ ጥያቄ ልምጣ። ይሄ ጎራዴ ሰው ገድሎ ይሆን?

ብረቱ አይነግረኝም። ሻጮች ግን ይናገራሉ። «ይሄ የጄኔራል ነው»፣ «ይሄ ሰባት አንገት የቀላ ነው» እያሉ ዋጋ ይቆልሉበታል። ሰብሳቢዎች «ታሪኩን ሳይሆን ብረቱን ግዛ» የሚሉት ለዚህ ነው። ያም ሆኖ የእነዚህን ጎራዴዎች ሥራ በጅምላ እናውቃለን። በ1937 የጃፓን ሠራዊት ወደ ናንጂንግ ሲገሰግስ፣ ሁለት መኮንኖች መቶ ሰው በጎራዴ ቀድሞ ለመግደል መወዳደራቸውን የቶኪዮ ጋዜጣ እንደ ስፖርት ዜና ይዘግብ ነበር። ሁለቱም በ1948 ቻይና ውስጥ ተፈርዶባቸው ተረሽነዋል። በጥቅምት 1943 ደግሞ ኒው ጊኒ ውስጥ አይታፔ በተባለ ባሕር ዳርቻ፣ የአውስትራሊያው ሳጅን ሊዮናርድ ሲፍሊት ዓይኑ ታስሮ ተንበርክኮ፣ ከበላዩ ጎራዴ ተነሥቶ የሚታይበት ፎቶ አለ። ያየው ሰው አይረሳውም። እኔም ጎራዴ ለሚያሳዩኝና ለሚያደንቁ ወጣቶች ያን ፎቶ አሳያለሁ። ውበቱን ብቻ አይቶ መሄድ ውሸት ነው።

እኛ ሐበሾች ከጃፓን ጋር ሌላም ሒሳብ አለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1931 ጃፓን ሄደው አይተው፣ ተደንቀው መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥታችን የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ ነው። አባቶቻችን «እንደ ጃፓን እንሁን» ይሉ ነበር። ግን ማይጨው ላይ በተሸነፍንበት በ1936፣ ዓመቱ ሳያልቅ ጃፓን ለጣሊያን ወረራ ዕውቅና ሰጠች። ስለዚህ ጎራዴውን ስይዝ በፍቅር ብቻ አይደለም የምይዘው።

ታዲያ ለምን አልጣልኩትም? እህቴ፣ ብጥለው የሞቱት አይነሱም፤ ማስረጃው ብቻ ይጠፋል። ደግሞም ጥሎ መገላገል ተሞክሯል። ከሽንፈቱ በኋላ የአሜሪካ ጦር በጃፓን ያለውን ጎራዴ ሁሉ ሰበሰበ። ለአምልኮ፣ ለቅርስ፣ ከአያት ለተወረሰ ልዩነት አልነበረውም። የጃፓን ሊቃውንት «ሁሉም የጦር መሣሪያ አይደለም፣ ጥበብም አለበት» ብለው ተከራክረው ነው ጥቂቱ የተረፈው። ከጠፉት አንዱ ሆንጆ ማሳሙኔ የሚባለው ነው። በ1939 በሀገር ቅርስነት የተመዘገበ፣ የቶኩጋዋ ቤተሰብ ለትውልዶች የጠበቀው ጎራዴ ነው። በታኅሣሥ 1945 የቤተሰቡ ራስ ወስደው ቶኪዮ ላለ ፖሊስ ጣቢያ አስረከቡ። በወሩ ለአንድ የአሜሪካ ሳጅን ተሰጠ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ምናልባት ዛሬም አንድ ሰው አልጋ ሥር፣ እንደ አዛውንቱ ሳጥን፣ ሳይታወቅ ተኝቶ ይሆናል።

የምርኮ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1868 ከመቅደላ የተጫነው ስንት ነው? የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር እንኳ ለንደን ካለ ሙዚየም የተመለሰው በ2019 ነው። ይህን እያወቅኩ የሌላ ሕዝብ የምርኮ ዕቃ ይዤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ የእንጨቷን ነገር ልንገራችሁ።

ጃፓንኛ የምታስተምር አንዲት ሴት አነበበችልኝ። የሰውየው ማዕረግ፣ ሙሉ ስምና የትውልድ መንደር ነው፤ መንደሩ ሺኮኩ ደሴት ላይ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ሴትየዋ ወደዚያው አካባቢ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። አሥራ አራት ወር መልስ የለም። ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ቀጭን ፖስታ መጣ። የሰውየው ልጅ ናት፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናት።

አባቷ ከጦርነቱ በሕይወት ተመልሷል። ሩዝ አምርቶ፣ ልጆች አሳድጎ፣ በእርጅና ሞቷል። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ጎራዴው የተገዛው አያቷ በሬ ሸጠው ነው፤ ይህን የነገረቻት እናቷ ናት። በሬ! ወሎ ቢሆን እንኳ ከዚህ የተለየ አይሆንም ነበር። ከዚያ እንዲህ ትላለች፦ «ጎራዴውን አንፈልገውም። አባቴም የሚፈልገው አይመስለኝም። ግን በእንጨቱ ላይ የጻፈው እሱ ራሱ ከሆነ፣ የእጅ ጽሑፉን ማየት እወዳለሁ። ቤታችን በእሳት ስለተቃጠለ አባቴ የጻፈው ምንም ነገር የለኝም።»

ደብዳቤውን ደጋግሜ አስነበብኩ።

ጎራዴውን ብትፈልገው እንኳ መላክ አልችልም ነበር። ያቺ ትንሽ ማኅተም እዚህ ጋር ነው የምትመጣው። በ1958 የወጣው የጃፓን የጦር መሣሪያና የጎራዴ ሕግ የሚመዘግበው በጥንቱ ዘዴ የተሠራውን፣ የጥበብ ዋጋ ያለውን ብቻ ነው። በፋብሪካ ብረት የተሠራ የጦርነት ዘመን ጎራዴ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበውን መያዝ ክልክል ነው፤ ከገባ ይወገዳል። አስቡት፤ የተሠራበት ሀገር የማይገባ፣ ስደተኛ ሆኖ የቀረ ብረት። እንጨቷ ግን ሕግ አይከለክላትም።

የሰብሳቢዎች ትልቁ ሕግ ደግሞ «አብሮ የኖረውን አትለያይ» ይላል። ችካሉን፣ ዘርፉን፣ ሲባጎውን፣ እንጨቱን፣ ሁሉንም እንደመጣ ጠብቅ። እኔም ለሌላው የምሰብከው ይሄንኑ ነው። ነገሩን የሰማ አንድ ነጋዴ «ከነእንጨቱ 1,800 ዶላር እሰጥሃለሁ፤ ያለ እንጨቱ ግን ከ700 አይበልጥም» አለኝ። ሰብሳቢ ጓደኞቼም «ፎቶ አንስተህ ፎቶውን ላክላት፣ ዋናው ካልተነጠለ ይሻላል» ብለው መከሩኝ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። በእነሱ ሚዛን ልክ ናቸው።

እኔ ግን አያቴን አሰብኩ። የእናቴ አባት በ1936 ወደ ማይጨው ዘምተው አልተመለሱም። መቃብር የላቸውም። አያቴ እስክትሞት ድረስ ከዘመቻ የተመለሰ ሰው በተገኘ ቁጥር «ጋሻው ወይስ ጎራዴው የታየበት የለም?» እያለች ትጠይቅ ነበር አሉ። ጋሻው ምን ሊያደርግላት? እጁ የነካው ነገር ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ጣሊያን ውስጥ ያን ጎራዴ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ የአያቴን ስም የያዘች ቁራጭ እንጨት አብራው ተንጠልጥላ ቢሆን፣ «ዋጋው ይቀንሳል» ብሎ ፎቶ ቢልክልን ምን እንለው ነበር?

ሲባጎውን አልቆረጥኩትም። በመርፌ ጫፍ ቋጠሮውን ፈታሁት፤ አንድ ምሽት ሙሉ ፈጀ። ባለቤቴ ባትሪ ይዛ አበራችልኝ። እንጨቷን ከነሲባጎዋ በጥጥ ጠቅልዬ ላክሁ። ከሳጥኑ ውስጥ የአዛውንቱን ነገር የሚገልጽ አንድ ገጽ ጨመርኩ፤ በዕጣ እንደደረሳቸው፣ ፊቱን እንዳላዩት፣ እስኪሞቱ ድረስ ስሙን እንዳሰቡ። ከሁለት ወር በኋላ አጭር መልስ መጣ። የአባቷ ጽሑፍ መሆኑን አውቃዋለች። በስሙ ውስጥ ያለውን አንዱን ፊደል ሲጽፍ መጨረሻውን ወደ ላይ ይሰብረው ነበር፤ እሷም ስትማር እንደዚያ ጽፋ መምህር ይቆጣት ነበር። እንጨቷን ከአባቷ ፎቶ አጠገብ አስቀምጣታለች።

እንግዲህ ጎራዴው ባለፈው ያያችሁት ነው። ያለ እንጨቱ። ብዙዎቻችሁ «እጀታው ላይ ያለው የቀለም ልዩነት ምንድነው?» ብላችሁ ነበር፤ ሲባጎው ታስሮበት የኖረበት ቦታ ነው። ያን ምልክት አላጠፋውም። እንጨቷም እዚያ ላይ እንደነበረች፣ ወዴት እንደሄደች የሚገልጽ ወረቀት ከሳጥኑ ውስጥ አለ፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ለልጄ ነግሬያታለሁ፦ እኔ ካለፍኩ ሽጪው፣ ለሙዚየም ስጪው፣ የወደድሽውን አድርጊ፤ ወረቀቱን ግን ከብረቱ አትለይው፤ ጭራውንም አትፈግፍጊው።

እህቴ፣ መልሴ ይሄ ነው። የገዛሁት ዕቃ ነው፣ ደረሰኝም አለኝ። ግን ጠባቂው እንጂ ባለቤቱ ነኝ ብዬ አላውቅም። ጠባቂ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የተጻፈውን እንዳይጠፋ ማድረግ ነው፤ ክፉውንም ደጉንም። ሁለተኛው የሚገባው ሰው መጥቶ ሲጠይቅ እጅን መፍታት ነው። ሁለተኛውን የማይችል ሰው የመጀመሪያውንም ባይጀምረው ይሻላል።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ብዙዎቻችሁ ቤት፣ ካልሆነም ገጠር ካለው የአያት ቤት፣ አንድ ነገር አለ። ጎራዴ፣ ጋሻ፣ አልቢን፣ ምንሽር፣ የኮሪያ ዘማች ሜዳይ። ሦስት ነገር ለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ በሎሚም፣ በአመድም፣ በብርጭቆ ወረቀትም እንዳትፈገፍጉት፤ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አንሱ፣ ብረቱን ስስ ዘይት ቀቡት፣ ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ ቆዳ አፎት ውስጥ ለዓመታት አታስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱን ይበላዋል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ዛሬውኑ በወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ የማን ነበር፣ ከየት መጣ፣ ማን ነገራችሁ። እርሳስ እንደ እስክሪብቶ አይደበዝዝም። እናታችሁን ጠይቁ፣ አጎታችሁን ደውሉላቸው። የሚያውቁት ሰዎች በየዓመቱ እያለቁ ነው።

የጃፓኑ መቶ አለቃ ጎራዴውን ሲያስረክብ ስሙን በእንጨት ላይ ጽፎ ባያስር ኖሮ፣ ዛሬ ያቺ አሮጊት የአባቷን እጅ አታይም ነበር። አንዲት መስመር ናት።

ቤታችሁ ምን እንዳለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ፎቶም ላኩልኝ፣ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ በቀይና በጥቁር ዝገት መካከል ያለውን ልዩነት ከነቀመሩ ጻፉልኝ። ማርክ አለው።

ሰላም ሁኑልኝ።